ዜማ ሳላውቅ ዜማ ላስተምር ስጠራ

ሰው ፎርም ሲሞላ ልብ ብለህ አይተህ ታውቃለህ ወዳጄ? ነፍስ አባቱ ፊት ቀርቦ ኀጢአቱን አንድ በአንድ የሚዘረዝር ሰው፣ ፎርም ሲሰጡት ጻድቅ ይሆናል። «ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ» ሲል የኖረው «በሚገባ እችላለሁ» ብሎ ይጽፋል። ኮምፒውተር ሲከፈት አንድ ቀን ቆሞ ያየ «የኮምፒውተር ልምድ ያለው» ነው። ግን ሌላውን ለምን አማለሁ? እኔ ራሴ አለሁ አይደል?

እኔ የኮሌጅ መምህር ነኝ፤ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የተወለድሁት እስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ እልፍ ብሎ ካለች ቀበሌ ነው። ኑሮዬ ግን ንፋስ መውጫ ነው። ነፋሱን እኛ ለምደነዋል፤ እሱ ነው እኛን ያልለመደን፤ በየቀኑ እንደ አዲስ ይገፋናል።

አንድ ቀን በመምህራን የቴሌግራም ገጽ ላይ ማስታወቂያ መጣ። ለኮሌጅ መምህራን የሚሰጥ የልውውጥ ዕድል ነው፤ ውጭ አገር ሄደህ አንድ ሴሚስተር እያስተማርህ ምርምር ትሠራለህ። ፎርሙን ከፈትሁት። ስም፣ ዕድሜ፣ ዲግሪ፤ እሱ ቀላል ነው። ታች ላይ ግን አንድ ጥያቄ ቁጭ ብላለች፤ «እርስዎ የሚያውቁት፣ እኛ ዘንድ ግን የማይገኝ እውቀት ምንድን ነው?»

ምን ልበል? እንግሊዝኛ? ለእነሱ እንግሊዝኛ ይዞ መሄድ ለቀባሪ ማርዳት ነው። ስፈልግ ስፈልግ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በልጅነቴ ስማዳ ውስጥ ዜማ ቤት ገብቼ ነበር። ድጓ ልማር። ድጓ ማለት የዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተሰበሰበበት ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ አዋቂዎቹ ከፊደሉ በላይ የተሰደሩትን ትንንሽ ምልክቶች እያዩ ድምፃቸውን ይጥላሉ፣ ያነሣሉ፣ ያንቀጠቅጣሉ። እኔ ድጓው ጋ አልደረስሁም። ውዳሴ ማርያም ዜማ ላይ ሳለሁ ውሻው፣ ቁንጫውና ዝናቡ አስመርረውኝ በአራተኛው ወር ጠፋሁ። ማንንም ሳልሰናበት፣ ጎህ ሲቀድ፣ በክረምት። ንፋስ መውጫ አጎቴ ዘንድ ገብቼ አስኳላ ጀመርሁ። ይህችን አጠፋፌን መምህራን ክበብ ውስጥ ስንቴ አውርቼ አስቄባታለሁ መሰለህ!

እና ምን ብዬ ጻፍሁ? «በጋይንትና በስማዳ በታወቀው የቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት ቤት ውስጥ አልፌያለሁ።» ውሸት ነው? ማለፉንስ አልፌያለሁ። መንገደኛ በሰው ማሳ እንደሚያልፈው።

ሁለት ወር ቆይቶ ደብዳቤ መጣ። «እንኳን ደስ ያለዎ» ይላል። ዘለልሁ። ባለቤቴን እማዋይሽን ጠራኋት። ጮክ ብዬ ማንበቤን ቀጠልሁ፤ «የድጓ ዜማ ያስተምሩልናል። አሥራ ሁለት ተማሪዎች ተመዝግበው በጉጉት ይጠብቁዎታል።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ዘፍ አልሁ።

እማዋይሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ማኅበር ላይ መዝሙር ስጀምር ሰዎች «አንተ አጨብጭብ፣ ይበቃል» ይሉኛል እኮ! እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ ግን ፊቷ ተለወጠ። «በል እንግዲህ፣ ወይ እውነቱን ጻፍላቸው፣ ወይ ሄደህ ተማር» አለችኝ። መሃል መንገድ የላትም እሷ።

እኔ ደግሞ መሃል መንገድ ፈለግሁ። ስማዳ ሄጄ ጥቂት ዜማ በስልኬ ቀድቼ ብመጣስ? ተማሪዎቹ ይሰሙታል፤ እኔ አንገቴን እነቀንቃለሁ። በቃ፣ ማስተማር ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

በዚያ ሰሞን መንገዱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ክፍት የሆነ ቀን ጠብቄ የስማዳ ዋና ከተማ ወገዳ ድረስ በመኪና ተንገጫግጬ ሄድሁ። ከዚያ በእግሬ። ዜማ ቤቱ እዚያው ነው። የጎጆዎቹ ክዳን እንኳ አልተለወጠም። አስተማሪዬ የኔታ ግን ካረፉ ቆይተዋል አሉኝ። ወንበሩን የወረሱት መሪጌታ ፈንታሁን ናቸው። ደስ አለኝ፤ ያኔ ትልቁ ተማሪ እሳቸው ነበሩ፣ እኛን ጀማሪዎቹን ቃል በቃል እያስደገሙ የሚያስቀጽሉን።

ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰላምታ ሰጥቼ ስሜን ነገርኋቸው። አላወቁኝም። የቆሎ ተማሪ በስሙ አይጠራም፤ በአገሩ ነው የሚጠራው። «የእስቴው ነኝ» አልሁ።

«የእስቴውማ ሞቷል» አሉ።

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ትኩር ብለው አዩኝ። ቀስ ብለው በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡና ወደ እኔ መጡ። ያኔ ነው ያየሁት፤ ያነክሳሉ። አጥብቀው ያነክሳሉ።

«ጠባሳው» አሉ፣ ቅንድቤን በጣታቸው ነክተው። «አንተ ነህ! አንተ፣ በሕይወት አለህ?»

ከዚያ ተቀምጠው ነገሩኝ። ወዳጄ፣ እስከ ዛሬ ስናገረው ብርድ ብርድ ይለኛል። እኔ በጠፋሁ ዕለት ወንዙ ሞልቶ ነበር። የኔታ «ልጁን ውሃ ወሰደው» ብለው ተማሪውን ሁሉ አሰማሩ። ሁለት ቀን ፈለጉኝ። ፈንታሁን ደግሞ «ታች ገደሉ ሥር ተሰክቶ ይሆናል» ብለው ሲወርዱ ዐለቱ አንሸራተታቸውና እግራቸው ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፤ አጥንቱ ግን እንደ ነበረው አልገጠመም። ሬሳዬ ሲጠፋ የኔታ ፍትሐት አደረሱልኝ። ተማሪዎቹ ለምነው ካመጡት ቁራሽ ላይ ቀንሰው ተዝካሬን አወጡ።

«የኔታ እስኪያርፉ ድረስ በጸሎት ስምህን ያነሡ ነበር» አሉኝ። «ከሙታን ጋር።»

ምን ይባላል? እኔ ክበብ ውስጥ እያሳቅሁ ሳለሁ እኚያ ሽማግሌ ለነፍሴ ይለምኑ ነበር። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። የቱ እግራቸው ላይ እንደ ወደቅሁ ሳውቅ ደግሞ ባሰብኝ። መሪጌታ አንሥተው አቀፉኝ። «ተው፣ ተው፤ ሞተህ ከምትገኝ ዋሽተህ ብትገኝ ይሻላል» አሉኝ። ገና ስለ ፎርሙ ሳልነግራቸው!

ነገርኋቸው። ሁሉንም። ስልኬን አውጥቼ ልቀዳቸው እንደመጣሁም ጭምር።

«ዜማ እንደማትችል እኔ ምስክር ነኝ» አሉ። «እነሱም ይወቁት። ጻፍላቸው።»

ጻፍሁላቸው። «ዜማ አላውቅም፤ አራት ወር ተምሬ ጠፍቻለሁ። የሚያውቁት መሪጌታ ፈንታሁን ናቸው፤ እሳቸውን ውሰዱ» አልሁ። መልሳቸው እስኪመጣ እኔው በልቤ ጻፍሁላቸው፤ «አታላይ! ሁለተኛ እንዳትጽፍልን!»

የመጣው መልስ ሌላ ነው። ልትቀበለኝ የነበረችው ፕሮፌሰር ሄልጋ የምትባል አዛውንት ናት። «ስለ እውነትዎ አመሰግናለሁ» ትላለች። ቀጥላ፣ መሪጌታን ለመውሰድ ቦርዱን ጠይቄ ነበር፣ ግን ዕድሉ ቢያንስ ሁለተኛ ዲግሪ ላለው የኮሌጅ መምህር ብቻ የሚሰጥ ነው ተባልሁ፣ አለች። እይልኝ እንግዲህ! ሃያ ሁለት ዓመት ድጓ የተማሩት ሰው ወረቀት የላቸውም። አራት ወር የተማርሁት እኔ ወረቀት አለኝ። ስለዚህ የምሄደው እኔ ነኝ! «እርስዎ ይምጡና ያስተርጉሙ» ትላለች ሄልጋ፤ «እሳቸው በስልክ ያስተምሩ።»

መሪጌታ ነገሩን ሲሰሙ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ይጾማሉ?» አላውቅም አልኋቸው። «እንግዲያስ ቀስ ብለን እናያለን» አሉ።

ሄድሁ። የአገሩን ስም ተወው፤ የንፋስ መውጫ ነፋስ እዚያ ቢሄድ ጋቢ የሚደርብበት አገር ነው። የመጀመሪያው ቀን አሥራ ሁለቱ ተማሪዎች ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ስልኩን ድምጽ ማጉያ ላይ አድርጌ መሃል ጠረጴዛ ላይ አኖርሁት። ስማዳ ውስጥ ኔትወርክ የሚይዘው ኮረብታው ጫፍ ላይ ነው። መሪጌታ በዚያ እግራቸው፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ እዚያ ይወጣሉ። ይህን ለተማሪዎቹ ተረጎምሁላቸው፤ በማን የተነሣ እንደሚያነክሱ ግን ያን ቀን አልተረጎምሁም።

መሪጌታ አንድ ሐረግ አዜሙ። ተማሪዎቹ ተቀበሉ። አሥራ ሁለት ሰው ባንድ ላይ። እኔ ምንም አልታወቀኝም፤ አምሮልኛል።

«አንዲቱ ድፋቷን ሳተች» አለ ስልኩ። ድፋት ድምፅ የሚወርድበት ምልክት ነው። «ድምጿ ቀጠን ያለው ሳትሆን አትቀርም።»

በስተቀኜ ያለችው፣ ብርጭቆ የመሰለ ዓይን ያላት ልጅ፣ ደም መሰለች። እሷ ነበረች! ሄልጋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይህን ያህል ባሕርና በረሃ ተሻግሮ፣ ከአሥራ ሁለት ድምፅ መካከል! እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አልሰማሁም እኮ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለት ወር ሄድን። ከዚያ አንድ ሰኞ ደወልሁ፤ ዝም። ረቡዕም ዝም። ኔትወርኩ ከአገሩ ላይ ጠፋ። ለእማዋይሽም አይሠራም። ምን ሆነው ይሆን? ማንን ይጠይቋል? ሰው ድንገት ሲጠፋብህ፣ ሞቷል አለ ሳይባል መኖር ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ለካ የኔታን እንዲህ አድርጌያቸዋለሁ።

ተማሪዎቹስ? ይመጣሉ፣ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ ስልኩን ያያሉ። በሦስተኛው ቀን ሄልጋ «እርስዎ ያዚሙልን» አለችኝ። አልችልም አልኋት። «ሁለት ወር ሙሉ እዚህ ተቀምጠው አልነበር?» አለች።

ጀመርሁ። ድምፄ እንደተለመደው ነው፤ የተሰነጠቀ ገንቦ። መሃል ላይ ባለ ብርጭቆ ዓይኗ ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ርክርክ ነው» አለችኝ። ማንቀጥቀጥ ነበረብኝ ለካ። በአገሬ ዜማ፣ የፈረንጅ ልጅ አረመችኝ! ድንጋጤው እንዳለ ሆኖ፣ ደገምሁት። አንቀጠቀጥሁት። ከኀፍረትም የተነሣ ቢሆን በደንብ ተንቀጠቀጠ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የመሪጌታ እግር በማን የተነሣ እንደተሰበረ ለተማሪዎቹ ነገርኋቸው። ልጅቱ መጥታ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ።

በአምስተኛው ሳምንት ስልኩ ጠራ። መሪጌታ አነሡት። እኔ ማልቀስ ጀመርሁ።

«ምን ሆነሃል? የት ደርሳችኋል?» አሉ።

«መሪጌታ፣ ደኅና ነዎት? የት ጠፉ?»

«የት እጠፋለሁ? ሰዓቱ ሲደርስ እወጣለሁ፣ አዜማለሁ፣ እወርዳለሁ።»

«ኔትወርክ ሳይኖር? ለማን?»

«ለእናንተ ነዋ! ክፍለ ጊዜ ይታጠፋል እንዴ?»

ስተረጉመው ክፍሉ ውስጥ ያላለቀሰ የለም። ሄልጋማ ወጥታ ኮሪደር ላይ ነው ያለቀሰችው፤ የእነሱ ወግ እንዲያ ነው።

ሴሚስተሩ አለቀ። ስሰናበት በወርቅ ቀለም የተጻፈ ምስክር ወረቀት ሰጡኝ። «የድጓ ዜማን በላቀ ብቃት በማስተማራቸው» ይላል። በእኔ ስም! ሄልጋ ሁለት ስም እንዲጻፍበት ለምና ነበር፤ ደንቡ አይፈቅድም አሏት። እማዋይሽ ወረቀቱን አየችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ግድግዳ ላይ ልስቀለው? እፍረት ነው። ልቅደደው? እጄ እምቢ አለ። ይዤው ስማዳ ወረድሁ።

መሪጌታ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወርቃማውን ጽሕፈት ወደ ፀሐይ አዘንብለው አዩት። «ምን ይላል?» አሉኝ። ተረጎምሁላቸው። ቃል በቃል። አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

«ታዲያ ምን ያስደነግጥሃል?» አሉኝ።

«ውሸት ነዋ መሪጌታ! እኔ ዜማ የት አውቄ!»

«አንተ ልጅ፣ ማንበብም አትችልም እንዴ?» አሉ፣ ወረቀቱን እየመለሱልኝ። «‹አስተምሯል› ነው እንጂ የሚለው፣ ‹ያውቃል› የት ላይ ይላል?»