ዳንቴል የለበሰው ዲስክ

መርዶ በጠዋት ነው የሚመጣው። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ምናልባት ሰው አልቅሶ የሚውልበት ሙሉ ቀን እንዲኖረው ይሆናል። መርዶ ነጋሪም ብቻውን አይመጣም። ተሰባስቦ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ በር ላይ እግሩን ከሚገባው በላይ ጠርጎ ይገባል። ይህን እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ሰው ቤት ስንት ጊዜ እንዲያ ተሰልፌ ገብቻለሁ። በራሴ ቤት ሲሆን ግን ያ ሁሉ ዕውቀቴ ጥሎኝ ጠፋ።

ያን ዕለት የእድራችን ሽማግሌዎች በሬን ሲያንኳኩ ኪሮሼን ይዤ ተቀምጬ ነበር። ባለቤቴ ታደሰ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ሌሊቱን ወንድሙ አጠገቡ እንዲያድር ትቼ፣ እኔ ልብስ ልቀይር ወደ ቤት መጥቼ ነበር። ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ተቀመጡ። እኔ ስለተቀደደው የእድር ድንኳን ሊያማክሩኝ የመጡ መሰለኝ። ስለዚህ ድንኳኑን ማን እንደቀደደው እንደማውቅ፣ በሚመጣው ስብሰባም ስሙን ጠርቼ እንደማጋልጠው በሰፊው አስረዳኋቸው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወርቁ መሬት መሬት እያዩ፣

"ድንኳኑ ተሰፍቷል፣ አልማዝ" አሉ። "አሁን እዚህ ሊተከል ነው።"

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አልጽፈውም። በእጄ የነበረውን ግን እጽፋለሁ፤ ወጌ እሱ ነውና። በእጄ የነበረው ለታደሰ የኮምፒውተር ዲስክ የምሠራላት ቅያሪ ዳንቴል ነበር።

አትሳቁ፤ ወይም ሳቁ። እኛ ዘንድ ቤት የገባ ዕቃ ሁሉ ይለብሳል። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል፣ ፍሪጁ ዳንቴል፣ የሶፋው መደገፊያ ዳንቴል፤ ሬዲዮኑማ ቀሚስ ነበረው ማለት ይቻላል። ራቁቱን የተቀመጠ ዕቃ ባለቤት የሌለው ይመስለናል። ታደሰ ደግሞ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ሰፈራችን እሪ በከንቱ ለመንገድ ሊፈርስ ነው ሲባል ቪዲዮ ካሜራ ገዛ። "ዕድሜ ልኬን ካርታ ያስተማርኩ ሰው፣ ሰፈሬ ከካርታ ሲጠፋ ዝም ብዬ ላይ ነው?" እያለ በየግቢው ዞሮ አጥሩንም፣ ደረጃውንም፣ ሰዉንም ቀረጸ። ኋላ መንገዱ መጣና ከበራችን ማዶ ያለውን ሁሉ ወስዶ እኛን ጥግ ላይ ተወን። ጎረቤቶቻችን በየኮንዶሚኒየሙ ተበተኑ። ሰፈሩ የቀረው አንዲት የጸሎት መጽሐፍ የምታህል ጥቁር ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከኮምፒውተሩ ውጭ ተቀምጣ በሽቦ የምትሰካ ዲስክ። ጥቁሯን፣ ራቁቷን፣ ጠረጴዛ ላይ። አላስችለኝ አለ። ዳር ዳሩ ጽጌረዳ ያለው ነጭ ዳንቴል ሠርቼ ልክክ አድርጌ አለበስኳት።

"ይቺ ነገር እኮ ይሞቃታል" አለኝ ታደሰ።

"አዲስ አበባ ላይ ሙቀት የገደለውን አንድ ሰው ጥራልኝ" አልኩት።

ሳቀ። ዳንቴሉንም አላወለቀም። ትዳር ማለት ይኸው ነው፤ እንደሚሞቅ እያወቁ ዳንቴሉን አለማውለቅ።

ሰልስቱ አልፎ፣ ድንኳኑ ተነሥቶ፣ ቤቱ ጭር ሲል አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ፊቱ አልጠፋብኝም፤ ፎቶው ግድግዳ ላይ አለ። የጠፋብኝ ድምፁ ነው። እንዴት ይናገር እንደነበር ላስታውስ ብዬ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ የጋሽ ወርቁ ድምፅ ሆነ። ጋሽ ወርቁን አከብራቸዋለሁ፤ ግን ዓይኔን ጨፍኜ የምሰማቸው ሰው አይደሉም። ወዲያው ዲስኳ ትዝ አለችኝ። ሮጬ ሰካኋት። ጭጭ። መብራቷም አልበራ።

አስካለ በማግስቱ መጣች። አስካለ ከእኛ ጋር ከመፍረስ የተረፈች የግድግዳ ተጋሪዬ ናት፤ ከቀብሩ ወዲህ ብቻዬን ውዬ አላውቅም በእሷ የተነሣ። ዲስኳን ላሠራ እንደሆነ ስነግራት፣

"የሟች ዕቃ አርባው ሳይወጣ አይነካም" አለች።

"የት ተጽፏል?"

"ለአንቺ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ውሸት ነው። ጡረታ ወጥተሽም ታይፒስት ሆነሽ ቀረሽ።"

ይህን ብላ ነጠላዋን አጣፋችና ተከተለችኝ። ፒያሳ ወጥተን አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ገባን። ባለቤቱ ጌታቸው ጎልማሳ ነው፤ አፉ ከእጁ የሚቀድም የአራዳ ልጅ። ዲስኳን ከነልብሷ ተቀብሎ ጽጌረዳዎቹን እያገላበጠ አያቸው።

"ማዘር፣ ይሄ ሹራብ የማን ሥራ ነው?"

"የእኔ።"

"እጅዎ ይባረክ። ገዳዩ እሱ ነው።"

አስካለ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጌታቸው ይህን ካለ በኋላ ነው ጥቁር መልበሳችንን ያየው። ደነገጠ፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያ ወዲያ የቀዶ ሐኪም ያህል ኮስተር ብሎ አስረዳኝ። ሳጥኗ ውስጥ ዲስኩን ከኮምፒውተር ጋር የምታነጋግር ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ በሙቀት የተቃጠለችው እሷ ሳትሆን አትቀርም። ዲስኩ ራሱ ግን በሕይወት ሊኖር ይችላል። ከሳጥኑ ወጥቶ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ቢገጠም ያለ ሰሌዳዋ ሊናገር ይችላል።

"ሊናገር ይችላል ነው የምትለው?"

"አንዳንዱ ሳጥን ውስጡ ያለውን በራሱ ቁልፍ ይቆልፋል፣ ማዘር። ቁልፉ ከሰሌዳዋ ጋር ሞቶ ከሆነ፣ ዲስኩ ደህና ሆኖም የሚለውን ማንም አይሰማውም። ደግሞ ሳጥኑ ብሎን የለውም፤ በጥርስ ነው የተናከሰው። ሲከፈት ይሰበራል፣ ተመልሶ አይዘጋም። ይወስኑ።"

"አርባው ይውጣ" አለች አስካለ በጆሮዬ።

"ክፈተው" አልኩ።

ጌታቸው ጠፍጣፋ ብረት አንሥቶ ወደ ዲስኳ ሲጠጋ ግን እጁን ያዝኩት። "ቆይ" አልኩት፤ "በዚያ ጦር ነው የምትገባባት?" ሌላው ሴት መሐረብ እንደሚይዝ እኔ ከቦርሳዬ ኪሮሽ አይለየኝም። ዳንቴሉን ራሴ አወለቅሁ። ጌታቸው ጣቱን እየጠቆመ፣ እኔ ኪሮሼን በስፌቷ ላይ እያስገባሁ፣ ጥርሶቿን ተራ በተራ አላቀቅን። ጧ ባለ ቁጥር አስካለ "በስመ አብ" ትላለች። በመጨረሻ ክዳኑ ተነሣና አንዲት ቀጭን ብረት እጄ ላይ ቀረች። ያ ሁሉ ግቢ፣ ያ ሁሉ ደረጃ፣ ታደሰም ጭምር፣ ይቺ ናት? ሰው ጠንቋይ ቤት ሄዶ እንኳ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ያሳዩታል።

ጌታቸው የአንድ ኮምፒውተር ጎን ከፍቶ አስገባት፤ አንዱን ሽቦ ለመብራቱ፣ አንዱን ለወሬው ሰካላት። እንደምትተኛ ድመት ድምፅ አሰማች። እኛም ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን። አስካለ ስለ አርባው ረስታ ክንዴን ይዛለች።

"አልተቆለፈም" አለ ጌታቸው።

አንዱን ቪዲዮ ከፈተው። የድሮው ደረጃችን፤ የቆርቆሮ በር፤ ግድግዳ ተደግፋ የተኛች ውሻ። ጸጥታ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አልኩ። ድምፅ መጣ፤

"ታደሰ፣ ምሳው ቀዘቀዘ እኮ!"

የእኔ ነው። ሌላ ተከፈተ፤ ሌላ ግቢ። "ታደሰ፣ ኮፍያህን ረሳህ!" ሌላ። "ታደሰ፣ ሰው ግቢ ምን ትሠራለህ?" አንድም የእኔ ጩኸት የሌለበት ግቢ አልተገኘም። የባሌን ድምፅ ፍለጋ ሄጄ የራሴን ይዤ ልመለስ ነው።

"አንቺ" አለች አስካለ፣ "ይሄን ሰፈር እኮ መንገዱ ሳይደርስ አንቺ አፍርሰሽዋል።"

ጌታቸው ከንፈሩን ነክሶ ድምፁን ከፍ አደረገው። ያኔ ሰማሁት። ከጩኸቴ በኋላ፣ ከካሜራው አጠገብ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

"መጣሁ።"

መጨረሻው ትንሽ የሚጎተት፣ ቶሎ እንደማይመጣ የሚያውቅ ሰው "መጣሁ"። እሱ ነው። በሁሉም ውስጥ አለ። እጮሃለሁ፤ መጣሁ ይላል፤ ካሜራው ግን ዞር እንኳ ሳይል ደረጃውን መውረዱን ይቀጥላል።

ጌታቸው ኋላ ቤት ድረስ መጥቶ ዲስኳን የታደሰ ኮምፒውተር ውስጥ ገጠመልኝ። ሲወጣ በር ላይ ዞር ብሎ፣ "ማዘር፣ ደግሞ ኮምፒውተሩን እንዳያለብሱት" አለኝ። አርባው ዕለት ጎረቤቶቻችን ከየኮንዶሚኒየሙ መጥተው የየበራቸውን አዩ፤ አለቀሱም። እግረ መንገዳቸውን የእኔን ጩኸት ሰሙ። ጋሽ ወርቁ አንገታቸውን ነቅንቀው፣ "ታደሰ እንዴት ያለ ታጋሽ ሰው ነበር" አሉ። ሟች በአርባው መወደሱ የተለመደ ነው፤ የእኔው ግን ማስረጃ ቀረበለት።

አሁን ምሳ ሲደርስ አንዱን እከፍታለሁ። ስጣራ እሰማለሁ፤ መጣሁ ይለኛል፤ እኔም እበላለሁ። እንዳለው አልመጣም፤ ድሮም ቶሎ አይመጣም ነበር። እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ባታውቁትም፣ ታደሰን ነፍሱን ይማረው በሉልኝ። ጮክ ማለት አያስፈልግም፤ በዝግታ በሉት። ጩኸቱን እኔ ጨርሼዋለሁ።