የአቶ ይሄይስ ሆድና የእኔ ሆድ

ራሱን ያዳነው ነገር ዓለሙን ሁሉ ያድናል ብሎ የሚያምን ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ካለም ገና ሰው አልገባበትም። የእኛው፣ የእንጅባራው፣ ክቡር አቶ ይሄይስ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር።

ፌጦ ከጉንፋን ስላዳናቸው ለተሰበረ እግርም ፌጦ ያዝዛሉ። ጫማቸው ስለተመቻቸው አማቻቸውን በእሳቸው ቁጥር አስገዝተውታል። "ጠበበኝ" ቢላቸው፣ "እግር ይለምዳል፤ መቻል ነው!" አሉት። ምስኪኑ ሰውዬ ሠርግ ቤት የሚገባው እያነከሰ ነው።

ዘንድሮ የእሳቸውም የእኔም ኩላሊት ሥራ አቆመና የሆድ እጥበት ጀመርን። ስኳር ያለበት ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ሰዓታት ቆይቶ ቆሻሻውንና ትርፉን ውሃ ይዞ ይወጣል። የባሕር ዳሯ ሐኪማችን ፈሳሹ የሚቆይበትን ሰዓት ለጊዜው ለሁለታችንም እኩል ወስናልን ነበር። አቶ ይሄይስ ግን ፈሳሹን ከተባሉት ሰዓት በላይ ሆዳቸው ውስጥ ያዙና ካስገቡት አብልጠው አወጡ። የወጣው ፈሳሽ የተጠራቀመበትን ከረጢት እንደ ዋንጫ ከፍ አድርገው አሳዩኝ።

"ያዝ አድርገው! ሆድ እንደ ተማሪ ነው፤ ቶሎ ከለቀቅከው ምንም ሳይማር ይወጣል።"

እኔ ልብስ ሰፊው ምን አውቄ! ያዝኩት። ያስገባሁት ራሱ ጎድሎ ወጣ፤ እግሬም አበጠ።

"አልቻልክበትም ማለት ነው፤ ነገ ጨምርበት" አሉኝ።

ጨመርኩበት። ፊቴ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፋ፤ ጋደም ስል ትንፋሽ አጠረኝ። ይኼኔ ባለቤቴ ምሥራቅ፣ "ከአቶ ይሄይስና ከነፍስህ ምረጥ!" ብላ የባሕር ዳር ሚኒባስ ውስጥ ከተተችኝ። እሳቸውም ትክክል መሆናቸው ሲመሰከርላቸው ለመስማት አብረውን ተሳፈሩ።

ሐኪሟ የሁለታችንንም ፈሳሽ ከየደማችን ጋር አስተያይታ መረመረች።

"በሆድ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ከሰው ሰው ይለያል" አለች ወደ አቶ ይሄይስ ዞራ። "የእርስዎ ዘገምተኛ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል። የእሱ ፈጣን ነው፤ ስኳሩን ቶሎ ይመጥጠውና ውሃው ወደ ሰውነቱ ይመለሳል። ሳያቆይ ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት። በያዘው ቢቀጥል ኖሮ አናተርፈውም ነበር።"

አቶ ይሄይስ እንጅባራ እስክንገባ የእኔን አዲስ የመቀየሪያ ሰዓት ወረቀት ላይ ሲጽፉ መጡ። ሰፈሩ ቢሰማ አያምንም።

በማግሥቱ ግን ልብስ መስፊያዬ በር ላይ ተገተሩ። "ሰዓትህ ደርሷል፤ አውጣ!" ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይመጣሉ። ደንበኛዬ ደጊቱ አንድ ቀን፣ "የእኔ ቀሚስስ?" ብትላቸው፣ "ቀሚስሽ አይሞትም!" ብለው አባረሯት። "ሁሉም እንደ ሆዱ!" የሚል አዲስ ሕግም አውጥተዋል። ሕጉ ሁሉንም እኩል ይመለከታል፤ ያልተስማማ ወዮለት።

በቀደም ዝናቡ ሲያወርደው አቶ ይሄይስ ዘገዩ። ሰዓቴ አልፏል፤ እኔ መቀሱን ይዤ በር በሩን አያለሁ።

"ምን ትጠብቃለህ?" አለችኝ ምሥራቅ።

ምን ልበላት? ሽማግሌው ናፍቀውኛል። ደግሞም ፈርቻለሁ፤ አሟቸው ይሆን? በመጨረሻ ውሃ እያንጠባጠቡ ገቡ።

"አላወጣህም?"

"እርስዎን ስጠብቅ..."

"እኔ ስሞት ማን ሊቆጣህ ነው?"

"ማን ፈቅዶልዎት ነው የሚሞቱት?" አልኳቸውና ፈሳሹን ለመቀየር እጄን ልታጠብ ተነሣሁ።