እትዬ «ማን ነገረህ» እና የዳቦ ቤቱ መስኮት

እስቲ ደረጃው ላይ የቆሙትን ሴትዮ ተመልከቱ፤ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ፣ ስልካቸው በተዘረጋ ክንዳቸው ጫፍ። በየሕንፃው እንዲህ ያለ አንድ ሰው አለ፤ ከሌለ ሕንፃው ገና አላለቀም። የዚህኛው ዕጣ ክብርት እትዬ «ማን ነገረህ» ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ነርስ።

ስሙን ያወጡላቸው ጎረቤቶች ናቸው። በሕንፃው የስልክ ግሩፕ ወሬ በተለጠፈ ቁጥር፣ «ማን ነገረህ? መቼ የሆነ ነው? ይሄን ብሎ ምን ያገኛል?» ይላሉ። የገዛ ልጃቸው የሎሚ ልጣጭ ስኳር በሽታን ያድናል የሚል ጽሑፍ ብትልክላቸው፣ «የጻፈው ሎሚ ሻጭ ነው?» አሏት።

«እማዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ዝም ብለሽ አመስግኚኝ።»

«ምንጩን ላኪና አመሰግንሻለሁ።»

ባለፈው ሰኞ ግን እሳቸውን ዝም የሚያሰኝ ዜና መጣ። በሕንፃው ምድር ቤት ባለው ዳቦ ቤት፣ ዱቄት ውስጥ አይጥ ሲተራመስ የሚያሳይ ፎቶ ነበር። «ሳይጠፋ ሼር አድርጉ» ይላል። ጋጋሪው ደግሞ የእትዬ ደመኛ ነው፤ የምድጃው ጢስ በበሩ እየወጣ በረንዳቸው ላይ የተሰጣውን አንሶላ ሲያጠቁር ዓመታት አልፈዋል። እስከ ቀትር ዳቦው ሳይሸጥ ተቆለለ። የነዋሪዎች ኮሚቴም ሰውየውን ከሕንፃው ለማስወጣት ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ» አላቸው ሊቀ መንበሩ እስክሪብቶ እያቀበላቸው። «በሉ ይፈርሙ።»

ያ ሁሉ የጠቆረ አንሶላ ትዝ አላቸው። መነጽራቸውን አወረዱና ፎቶውን በጣታቸው አጎሉት።

«ማን ነገረህ?»

«ፎቶው አለ እኮ።»

«ፎቶው ውስጥ መስኮት አለ። እዚያ ቤት መስኮት የለም።»

«በምን ያውቃሉ?»

«‹መስኮት አውጣ› እያልኩት ነው ስንጣላ የኖርነው። መስኮት ቢኖረው ኖሮ ጢሱ እኔ አንሶላ ላይ ምን ይሠራል? ፎቶውን የለጠፈው ገጽም ቢሆን የተከፈተው ባለፈው ሳምንት ነው፤ የማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።»

«ስንት ዳቦ ሰጠዎት?» አለ አንዱ ከኋላ።

«እኔ የምጠላው ሰው ላይ ስለተዋሸ እውነት አይሆንልህም» አሉና እስክሪብቶውን መለሱ። ሊቀ መንበሩ ወርዶ የዳቦ ቤቱን ግድግዳ ዞሮ አየ፤ መስኮት የለም። ከዚያ የፊርማውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ።

አመሻሹ ላይ ጋጋሪው ትኩስ ዳቦ ታቅፎ በራቸውን አንኳኳ። «ምን ብዬ ላመስግንዎት፣ እትዬ?»

«ዳቦህን ያዝና መስኮት አውጣ።» በሩን ዘጉበት።

አዎ፣ ያናድዳሉ። ግን ስሜ በሐሰት የተነሣ ቀን፣ ከወዳጆቼ ሁሉ በፊት እኚህን ጠበኛ ያድርስልኝ። አንተም አንባቢዬ፣ የምትጠላው ሰው ጉድ ስልክህ ላይ ሲመጣና ጣትህ ሲቸኩል፣ እባክህ መነጽርህን አውርድና መጀመሪያ መስኮቱን ፈልግ።