ለጎበዝ ልጅ የድህነት ማስረጃ

በአገራችን «ነፃ» የሚለውን ቃል ያህል ሰውን ወጪ የሚያስወጣ ቃል ያለ አይመስለኝም። «ዋጋው ይኼ ነው» ያላችሁ ነጋዴ ቢያንስ ሐቁን ነግሯችኋል፤ ተከራክራችሁ ትገዛላችሁ፣ አለዚያም ፊታችሁን አዙራችሁ ትሄዳላችሁ። «ነፃ ነው» ሲሏችሁ ግን ተጠንቀቁ። ከነፃው ኋላ ፎቶ ኮፒ ተሰልፏል፤ ከፎቶ ኮፒው ኋላ ጉርድ ፎቶግራፍ አለ፤ ከፎቶግራፉ ኋላ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለሱ» የሚል ሰው ተቀምጧል፤ ነገ ለመመለስ ደግሞ መሳፈሪያ ያስፈልጋል። መሳፈሪያው ነፃ አይደለም።

ይኼን የምለው ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም፤ እኔ ራሴ «በነፃ» የተማርሁ ነኝ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመርቄያለሁ፤ ጋውን ለብሼ የተነሣሁት ፎቶ እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ዋናው ዲግሪዬ ግን ወጪ መጋራት የሚባለውን ከፍዬ እስክጨርስ ድረስ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ተቀምጧል፤ እኔ ያለኝ ጊዜያዊ የሚባለው ወረቀት ነው። በዚያ በጊዜያዊው ወረቀት ተቀጥሬ ደብረ ታቦር ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እጠብቃለሁ። ሥራው ይስማማኛል። ዓይን አፋር ስለሆንሁ ከሰው ይልቅ መጽሐፍ ይቀለኛል፤ መጽሐፍ «ለምን ዝም አልሽ?» ብሎ አይጠይቅም። ለምን ዝም እንዳልሁ የምትጠይቁኝ እናንተ ናችሁ፤ ትንሽ ቆይታችሁ።

ትብለጥ የአጎቴ የደምሌ ልጅ ናት። አጎቴ ከጋፋት ወዲያ ገብስና ጤፍ ያርሳሉ። ያላቸው በሬ አንድ ነው፤ ስለዚህ አንድ በሬ ካለው ጎረቤታቸው ከአያ ጌጤ ጋር እያቀናጁ፣ አንድ ቀን ለእርሳቸው፣ አንድ ቀን ለአያ ጌጤ ያርሳሉ። ትብለጥ የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች የተማረችው ከእኔ ጋር በኪራይ ቤቴ እየኖረች ነው። ሻማ ይሁን መብራት፣ ሆዷ ይሙላ ይጉደል፣ ያቺ ልጅ ከመጽሐፍ ቀና አትልም ነበር። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ከትምህርት ቤቷ አንደኛ ወጣች። እኔ አለቀስሁ። እሷ ግን «ፊዚክሱ ላይ አንድ የማይረባ ስሕተት ሠርቻለሁ» ብላ ተቆጨች።

ታዲያ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙን አልጠራም፣ ሩቅ ነው፣ ማስታወቂያ አወጣ። ነገሩን በትክክል እንድትረዱት ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ እኔም የተረዳሁት በሦስተኛው ንባብ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ያስከፍላል። ነገር ግን በውጤታቸው ብልጫ ላላቸው ተማሪዎች የትምህርቱን፣ የመኝታውንና የምግቡን ወጪ ችሎ በነፃ ያስተምራል። እስከዚህ ድረስ እሰየው ነው። ከታች፣ ጥቃቅን ፊደላት በሚሰፍሩበት ቦታ፣ «የቤተሰብ የመክፈል አቅም ማነስ በቀበሌ ተረጋግጦ ይቅረብ» ይላል።

እስቲ ፍረዱ። ይህ ሽልማት ለጭንቅላት ከሆነ የከብት በረት ምን ያገባዋል? ለድሃ የሚሰጥ እርዳታ ከሆነ ደግሞ ለምን የብልጫ ሽልማት ይሉታል? ሩጫ አሸንፎ ወርቅ ሊሰጠው የቆመን ሰው «መጀመሪያ ጫማ እንደሌለህ ከሰፈርህ ሰዎች አስመስክር» ይሉታል? ይሉታል። ማስታወቂያው ላይ አለ።

እንግዲህ ቀበሌው ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ መድቦ የአጎቴን ቤት ሊያይ ሆነ። እኔ ለአጎቴ ስልክ ደውዬ «ለትብለጥ ጉዳይ ከቀበሌ ሰዎች መጥተው ቤቱን ያያሉ» አልኋቸው። ሌላ አልጨመርሁም። ዝም ያልሁት እዚህ ላይ ነው። ምን ልበላቸው? በአንቱታ የምጠራቸውን፣ ጉልበት ስሜ ያደግሁባቸውን ሰው «ድህነትዎን ግልጽ አድርገው ይጠብቁ» ልበላቸው? ምላሴ እምቢ አለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አጎቴ ገበያ ውለው ወደ ቤቴ መጡ። ፊታቸው በርቷል።

«አላሳፈርንሽም» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «አራት በሬ አስሬ ጠበቅኋቸው።»

«አራት?» አለች ትብለጥ።

«አንዱ ያው የኛው ነው። አንዱ የጌጤ፣ ሁለቱ የወንድሙ። በቅሎም ከነኮርቻዋ አምጥቼ ደጅ ላይ አቆምሁ። እናትሽማ አንዲቷን ዶሮ አርዳ፣ ከሰው ቤት ብርድ ልብስ ተውሳ መደቡን አልብሳው፣ ቤቱ የኛ አልመስል ብሎኝ ነበር!»

«ጎተራውስ፣ አባ?» አለች ትብለጥ፣ ድምፅዋ እየቀጠነ።

«ሙሉ! ከሥሩ ገለባ፣ ከላዩ ጤፍ። ማን ክንዱን ሰዶ ይፈትሻል? ጨዋ ሰዎች ናቸው።»

ትብለጥ መሬት መሬት አየች። እኔ ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። ለመሳቅ አትቸኩሉ፤ በእኛ አገር ይህ ማታለል አይደለም። ሽማግሌዎች ልጅ ሊጠይቁ ሲመጡ የቤት ገመና ይሸፈናል። መንደሩ ሁሉ በሬውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ወንበሩን ያውሳል፤ እንግዳው ዕቃው የውሰት መሆኑን ያውቃል፤ ባለቤቱም እንግዳው እንደሚያውቅ ያውቃል። ማክበር ማለት ነው። የተራቆተ ቤት ለእንግዳ ማሳየት እንግዳውን መስደብ ነው። አጎቴ እንደሚያውቁት ለሴት ልጅ ሲባል ቤት የሚታየው ለጋብቻ ብቻ ነበር፤ አሁን ለትምህርት ቢሆን ክብሩ ያንሳል እንዴ?

ነገሩን እንደ ምንም አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ተናደዱ፤ በእኔ ሳይሆን በአሠራሩ።

«ምነው ልጄ! ሰው አደራ የሚሰጠው ላለው ቤት አይደለም? ወንጌሉስ ላለው ይጨመርለታል አይደል የሚለው?»

ዓለም ስትሠራ የኖረችው አጎቴ እንዳሉት ነው። ባንክ የሚያበድረው ላለው ነው። ድግስ የሚጠራው ያለው ነው። ይህ አንድ ወረቀት ብቻ ድሃ ይፈልጋል፤ የፈለገውም ድሃውን ሊያዋርደው ነው።

ሰኞ ዕለት ሦስታችን ቀበሌ ሄድን። ማመልከቻው የሚዘጋው ዓርብ ነው፤ ማስረጃው እስከዚያ ካልተላከ የትብለጥ ቦታ ለሌላ ይሰጣል። የኮሚቴው ሰብሳቢ የዚያው መንደር ልጅ፣ ያችን ዶሮ የበላ ወጣት ነው። መዝገቡን ገልጦ አነበበልን፦ አራት የእርሻ በሬ፣ አንድ በቅሎ፣ ሙሉ ጎተራ፤ ቤተሰቡ የመክፈል አቅም አለው።

«ያየነውን ነው የጻፍነው» አለ።

«አንተ ልጅ» አሉ አጎቴ፣ «እኅትህ ስትታጭ አባትህ የጌጤን በሬ አልተዋሱም?»

ወጣቱ አንገቱን አከከ። «እሱ ሌላ ነው፣ አያ ደምሌ። ይኼ የመንግሥት ሥራ ነው። ብልጥ ሰው ኮሚቴ ሲመጣ በሬውን ጫካ ይደብቃል፤ እርስዎ ከሰው በረት ለቅመው ያመጣሉ!»

ሰማችሁ? የደበቀው ብልጥ ነው፤ የተዋሰው ሞኝ። ከዚህ በኋላ ልጆቻችንን ምን ብለን እንምከር?

በሕይወቴ ባለሥልጣን ፊት አንድ ነገር የተናገርሁት ያን ዕለት ነው። «ውጤቷንስ ያየ ሰው አለ?» አልሁ። ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝ።

«ውጤት የኛ ሥራ አይደለም» አለ ሰብሳቢው፣ መዝገቡን እየዘጋ።

የበሬዎቹ ምዝገባ እንዲሰረዝ በሬ ያዋሱት ሰዎች መጥተው እንዲመሰክሩ ተባለ። ማክሰኞ ጠዋት አያ ጌጤ መጡ፤ ብቻቸውን ሳይሆን በሬያቸውን እየነዱ። የቀበሌው ደጅ ላይ ቆመው «ውጡና እዩ! ስጠራው ወደ ማን እንደሚመጣ እዩ!» ብለው ጮኹ።

«አያ ጌጤ፣ በሬ ምስክር አይሆንም» አለ ሰብሳቢው ከመስኮት።

«ደምሌ ላይ ሲመሰክርማ ተቀብላችሁት ነበር!»

ተሰልፎ የቆመው ባለጉዳይ ሁሉ ሳቀ። አጎቴ ግን አልሳቁም። አያ ጌጤ ለራሳቸውም ለወንድማቸውም መሰከሩና፣ የአጎቴ ተራ ደርሶ የሚፈርሙበት ወረቀት ተሰጣቸው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስለቆጠሩ ማንበብ ይችላሉ፤ ያን ዕለት ባይችሉ በወደድሁ። እያንዳንዱን ቃል በጣታቸው እየተከተሉ፣ ቀስ ብለው፣ ድምፅ አውጥተው አነበቡ፦ «እኔ… ልጄን… ለማስተማር… አቅም የሌለኝ… ድሃ መሆኔን…»

«አባ፣ ይቅር» አለች ትብለጥ። «ይቅር፣ አልሄድም።»

«ዝም በይ!» አሉ። «አንችን ማን ጠየቀሽ? አንች ያንችን ሠርተሽ ጨርሰሻል።» ፈረሙ። ጎንበስ ብለው ሲፈርሙ አንገታቸው ላይ ያለው ጅማት ይታየኝ ነበር።

በዚህ ያበቃ መስሏችሁ ይሆናል። አላበቃም። ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ተብሎ ማስታወቂያ እስከ ዓርብ በቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። የአጎቴ ስም ከነአያታቸው፣ ከሥሩ «ድሃ መሆናቸው ተረጋግጧል»፣ ከሥሩ ክብ ማኅተም፤ ትልቅና ደማቅ፣ እንደ ሠርግ ጥሪ። ተቃዋሚ አልመጣም። ማን ይቃወማል? ዓርብ ጠዋት ማስረጃው ተላከ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የትብለጥ ስም ዝርዝሩ ላይ ወጣ። ሙሉ፣ ትምህርቱም መኝታውም ምግቡም። እልል አልን። ቀጥሎ ደግሞ ይዛ የምትመጣው ዝርዝር መጣ፦ ፍራሽ፣ አንሶላ፣ ባልዲ፣ የቁም ሣጥን ቁልፍ፣ እንደገና ጉርድ ፎቶግራፍ። አጎቴ «ነፃ ካሉ በኋላ ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?» አሉ። «ነፃው ይኼ ነው» አልኋቸው። ገብሳቸውን ሸጠው ፍራሹን ገዙ፤ ትብለጥም ፍራሿን አውቶቡስ ላይ አስጭና ሄደች።

በሩ ላይ ያለው ማስታወቂያ ግን አልተነሣም። እንዲለጠፍ ያዘዘ አለ፤ እንዲነሣ የሚያዝ የለም። አጎቴ ወደ ገበያ ሲወጡ በቀበሌው በኩል ማለፍ ትተው በታች በኩል፣ በጭቃው መንገድ መዞር ጀመሩ። አንድ ቅዳሜ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው በጭቃ ተለውሶ ቤቴ ገቡና እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦

«አንች የተማርሽ ነሽ። ልጄ የተመረጠችው ጎበዝ ስለሆነች ነው፣ ወይስ እኔ ድሃ ስለሆንሁ?»

«ጎበዝ ስለሆነች ነው» አልሁ፤ ከዚያ ግን ማስታወቂያውን አስታውሼ «ሁለቱም…» ብዬ ተንተባተብሁ።

«እንግዲያው አንዱን ለጥፈዋል፤ ሁለተኛውን አንች ጻፊልኝ።»

ጻፍሁ። በቤተ መጻሕፍቱ ነጭ ወረቀት፣ በማርከር፣ ባለኝ ውብ የእጅ ጽሑፍ፦ «ትብለጥ ደምሌ ከትምህርት ቤቷ አንደኛ ወጥታ በውጤቷ ብልጫ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች።» ሰው ባየኝ ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ የምመኝ ሴት፣ ሰኞ ማለዳ ሙጫ ይዤ በቀበሌው በር ላይ ቆምሁ። ከድሃው ማስታወቂያ ጎን ገና ሳስጠጋው ጥበቃው ካፖርታቸውን ደርበው መጡ።

«ምንድን ነው እሱ፣ የኔ ልጅ?»

አነበብሁላቸው።

«ማኅተም አለው?»

«የለውም።»

«ማኅተም የሌለው አይለጠፍም።»

«ጎበዝ ናት የሚል ማኅተም የት ይገኛል?» አልሁ። ድምፄ ጮክ ብሎ ስለወጣ ራሴ ደነገጥሁ።

«እሱን እንጃ» አሉ። «እኛ ዘንድ ያለው የድህነቱ ነው።»

ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። ሊቀዳድዱት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ ወረቀቱን ከፊታቸው አርቀው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ለራሳቸው ሲያነቡ አገኘኋቸው። ከዚያ ሁለት ጊዜ፣ ጥግ ከጥግ ገጥመው አጠፉት።

«ዐሥረኛ ክፍል የደረሰች ልጅ አለችኝ» አሉ፣ ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ማታ ላሳያት።»

እነሆ፣ ነገሩ እስከ ዛሬ በዚህ ላይ ነው ያለው። የአጎቴ ድህነት ባለ ማኅተም ሆኖ በሩ ላይ ነው፤ የትብለጥ ጉብዝና ያለ ማኅተም በጥበቃው ካፖርት ኪስ ውስጥ ነው።