ከረጢቱን ማን ከፈተው?

ወተት ሲበላሽ «ማን አየው?» እንላለን። ድስት ሲያርር «ሐሳብሽ የት ነበር?» እንላለን። እኛ ዘንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚፈለገው ምክንያቱ አይደለም፤ ሰውየው ነው። ሰውየው ከተገኘ ምክንያቱ ቢቀርም ግድ የለም። እናንተ ሰፈር እንዲህ ካልሆነ ንገሩኝ፤ የሚከራይ ክፍል ካለ ነገውኑ እገባለሁ።

የኔ ክፍል ጀጎል ውስጥ ናት፤ ግንብ ከግንብ በተጠጋጋበት፣ አንዱ ሲያስነጥስ ማዶ ያለው «የርሐሙከላህ» በሚልበት ቀጭን መንገድ ላይ። ባሌ ለሥራ ጅግጅጋ የሄደ ሰሞን በየቀኑ ይደውል ነበር። ቀጥሎ በየጁምዓው ሆነ። አሁን ኔትወርክ ሲፈቅድለት ነው። በኔትወርክ ማላከክ ጥሩ ነው፤ ከሰው አያጣላም። እኔና የአራት ዓመቷ ልጄ ሂባ ቀረን። ጎረቤቶቼ ክፉዎች አይደሉም፤ ብቻ ቧንቧ ሠሪ በሬን ባንኳኳ ቁጥር ሦስት ሰው ጉሮሮው ይከረከራል።

ትምህርቴን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተውኩት። ተውኩት ስል አስተዉኝ ማለቴ ነው። ስለዚህ ሶፊ ያለ የምርምር ማሳ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኜ ስገባ፣ ሂባን ለአከራዬ ለአዴ ሰላማ ትቼ በማለዳ ስወጣ፣ ትምህርት ቤት የምሄድ ይመስለኝ ነበር።

የሚዘራው የምታውቁት ማሽላ ነው። ማሽላ ሰው አያስቸግርም፤ ወንዴውም ሴቴውም አንድ አበባ ላይ ስላሉ ጋብቻውን እዚያው ይጨርሳል። ሽማግሌ አይልክም። ዶክተሩ የሚያጠናው ግን ሌላ ዓይነቱን፣ ቢጫውን የወንዴ ዱቄት መሥራት ያቃተውን ማሽላ ነው። ዱቄቱ እንዲበስል የሚያዝ ጂን፣ ዘረ መል የሚሉት፣ አለ፤ እነዚህ ላይ ተበላሽቷል፤ የትኛው እንደሆነ ማግኘት ነው ልፋቱ። (ዶክተር የምንለው ገና እየተማረ ነው። ቶሎ እንዲደርስለት ከወዲሁ እንጠራዋለን።)

የኔና የባልደረባዬ የጫልቱ ሥራ፣ የማሽላው ራስ ከማበቡ በፊት በካኪ ከረጢት ሸፍኖ አንገቱን ማሰር ነው፤ የጎረቤት ዱቄት ነፋስ ይዞት እንዳይገባ። ዱቄት የሌለው ማሽላ እንዲህ ታስሮ ሲቆይ ፍሬ አይዝም። ባዶ መቅረቱ ነው ማስረጃው። አንዳንድ ጠዋት በነዚያ በተሸፈኑ ራሶች መካከል ስሄድ ዘመዶቼ ጋ የደረስኩ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ዶክተሩ ከረጢት ፈትቶ ቢያይ ፍሬ! የሚቀጥለውንም ፈታ፤ ፍሬ። ሁለቱም የኔ መደዳ ላይ ናቸው።

«ከረጢቱን ማን ከፈተው?» አለ።

«ማንም።»

«ታዲያ ፍሬው ከየት መጣ?»

ጫልቱ የሶፊ ገበሬ ናት፤ አማርኛዋ አንቱ አያውቅም። «ማሽላውን ጠይቀው እንጂ! እኛ ገና ለገና አንገቱን ስላሰርን የሆዱን እናውቃለን?» አለችው።

አልሳቀም። ደብተሩ ላይ፣ ከመደዳዬ ቁጥር አጠገብ «በሠራተኛዋ ቸልተኝነት የተበላሸ» ብሎ ጻፈ። ዘጠነኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ተገልብጦም አነባለሁ። «ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነው» አለ። «እስከ ቅዳሜ እውነቱን ካልነገርሽኝ ሌላ ሰው እተካለሁ።»

ወሬው ከኔ ቀድሞ ጀጎል ገባ። ማታ ስደርስ ስለ ማሽላ ምንም የማያውቁ ሴቶች ከረጢት መክፈቴን ያውቁ ነበር።

አሁን ለእናንተ ልናዘዝ፤ ምክንያቱን አውቀው ነበር። ብርዱ ከገባ በኋላ ከማሽላው እግር ሥር ዘግይተው የወጡ ቡቃያዎች ነበሩ፤ ፍሬ የያዙትም እነሱ ናቸው። ዝናብ ያራሰውን ከረጢታቸውን በማለዳ ስቀይር ጥቁሩ እጅጌዬ ላይ ቢጫ ይራገፋል። ዶክተሩ በሦስት ሰዓት ሲመጣ አበባው ዱቄቱን ጨርሶ ጠውልጓል። ሦስት ሳምንት አይቼ ዝም አልኩ። የቀን ሠራተኛ ለዶክተር «ማሽላህ እንዳሰብከው አይደለም» ትለዋለች?

አዴ ሰላማን አማከርኳቸው። «ሐቅ ያለው ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል» አሉኝ። ከዚያ አየት አደረጉኝና፣ «አንቺ ደግሞ መጀመሪያ ድምፅ ይኑርሽ!»

ሐሙስ ዕለት ያለችኝን ድምፅ አወጣሁ። «ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይምጡ። ከረጢቱን ራስዎ ይምረጡ፣ ራስዎ ይፍቱ።»

ጃኬቱን እንደተከናነበ፣ ዓይኑ ሳይገለጥ መጣ። ዘግይቶ ከወጣው አንዱን ፈታ። እጅጌዬን ከሥሩ ዘረጋሁለት፤ በጣቱ መታ መታ አደረገው። ቢጫ ወረደ። እዚያው እግር ላይ ቀድሞ ያበበውንና ባዶ የቀረውን ራስ አየ፣ ተመልሶ እጅጌዬን አየ፣ ከዚያ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

«ብርዱ ነው!» አለ። «ጂኑ አልሞተም ማለት ነው። ሲሞቀው ይተኛል፣ ሲበርደው ይነቃል!» ልጅ እንደተወለደለት ሰው ሳቀ። ከዚያ ዞሮ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያየሽው?»

«ሦስት ሳምንት።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«እርስዎ የጠየቁኝ ማን ከፈተው ብለው ነው።»

ይቅርታ አላለም። ግን የጻፈውን ሲሰርዝ ወረቀቱ እስኪቀደድ ነበርና እንደ ይቅርታ ቆጠርኩለት።

በሳምንቱ ውጤቱ ወጣ፤ የኔ ውጤት ማለቴ ነው። ነገሩን ለማረጋገጥ ሌሊቱ የማይበርድበት ቆላ መዝራት ያስፈልጋል፤ የሶፊው ማሳ በዚህ አዝመራ ያበቃል፤ የኛም ሥራ አብሮ። እኔን ሊወስደኝ ፈልጎ ነበር። አልጋ አለ፣ ለልጅ የሚሆን ቦታ ግን የለም፤ ቀረሁ።

ጫልቱ ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ጎሽ የኔ እህት! ስምሽን አጥበሽ ሁለታችንን አሰጣሽን!» እሷ ምን አለባት፤ ጫቷ አለ፣ ባሏም ቤቱ ነው።

ሰፈር ውስጥ ግን ስሜ ነጣ። አዴ ሰላማ ታሪኩን በየቤቱ አዳረሱት፤ ዶክተሩን ያስተማርኩት እኔ እስክመስል ድረስ። «ማሻአላህ፣ እሷኮ ጨዋ ናት» ተባለ። ፋይሌ ተዘጋ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ሁለት ቀን ሙሉ አተኮሰኝና ከአልጋዬ አልተነሳሁም። አዴ ሰላማ ልጃቸው ጋ ድሬ ዳዋ ሄደው ነበር። ሂባ ደረቅ ዳቦ ስትበላ፣ እኔ በመስኮቱ በኩል የጎረቤቶቼን ኮቴ ስሰማ ዋልን። ፊት ቢሆን «ሁለት ቀን ሙሉ በሯን ዘግታ ምን እየሠራች ነው?» ብሎ ቢያንስ አንድ ሰው ገፋ አድርጎ ያይ ነበር።

አሁን የታመንኩ ሰው ነኝ። ማንም አላንኳኳም።