«ቤት አለው ወይ?»

የቤት ባለቤቶች ቁጥር ከአገር አገር ለምን ይለያያል? ምሁራን «የወለድ ነገር ነው፣ የመሬት ነገር ነው» እያሉ ይደክማሉ። እኔ ግን ትምህርት ቤት ሳልረግጥ፣ ዕብራይስጥን ከሚግዳል ገበያ ማስታወቂያዎች ብቻዬን የለቀምሁ ሰው፣ መልሱን አንድ ቅዳሜ ማምሻ አቲቆት ሰፈር ውስጥ አገኘሁት።

ለወንድሜ ልጅ ሽምግልና ሄጄ ነበር። እንደኔ ያለ አንደበተኛ እያለ ማን ይላካል? ልጁና ልጅቷ ይዋደዳሉ፤ የቀረው የአባቷ የአቶ ተገኘ እሺታ ብቻ ነው። እሳቸው ግን ገና በቅጡ ሳልቀመጥ፣ «ቤት አለው ወይ?» አሉኝ።

«ይከራያል» አልሁ ኮራ ብዬ። «ጀርመኖች እኮ ዕድሜ ልካቸውን ተከራይተው ሲኖሩ ማንም አይንቃቸውም።»

«እንግዲያው ጀርመን ወስደው ይዳሩታ!»

እውቀት አልበቃ ሲል ጥያቄ ይረዳል። «ለመሆኑ እርስዎ ሲያገቡ ስንት ክፍል ነበረዎት?»

አቶ ተገኘ ጣራ ጣራውን አዩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቄ ግን በሳቅ ፈነዱ።

«ምን ክፍል አለው! አማቼ ቤት፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ከጥጆቹ ጎን ነበርን እንጂ!»

ልጅቷም «አባ፣ ኤይዜ ቡሻ!» ብላ፣ «ምን ያለ ኀፍረት ነው» ማለቷ ነው፣ በዕብራይስጥ አሳፈረቻቸው።

«እሺ፣ ይከራይ» አሉ አቶ ተገኘ ሳቃቸው እያመለጣቸው። «ግን ከዚሁ ከሰፈራችን!» ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

አያችሁ? የቤት ባለቤት የሚበዛው አባቶች ብቻ በሚናገሩበት አገር ነው፤ ኪራይ የሚከበረው ደግሞ እናቶች አፋቸውን በከፈቱበት። ምሁራኑ ይህን ሲጽፉ ስሜን መጥቀስ እንዳይረሱ።