ትርንጎ ያነበበችው ዜና

ዜና ከሩቅ ካልመጣ ዜና የማይመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ሽንፋ ላይ ሳስተምር ዓመታት ስለቆየሁ በዚህ አልስማማም። ከሩቅ የሚመጣው ወሬ በጭነት መኪና ተጭኖ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ሙቀቱና አቧራው ይጨርሰዋል። ትኩሱ ያለው እኛው ግቢ ነው። ኒሙ ዛፍ ላይ የታሰረች አንዲት ድምፅ ማጉያ አለችን። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ትንሽ ታፏጫለች፣ ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች፣ ከዚያ የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ዜና ይጀምራል። የአምስተኛ ቢ ኳስ ከጎረቤት ግቢ ተመልሳለች። ቧንቧው ተጠግኗልና እየተጋፋችሁ እንዳትሰብሩት። ይህን ሰምታችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ ግን ድምፅ ማጉያ አጥር አያውቅምና ወፍጮ ቤት የተሰለፉት እናቶችም፣ ጋራዥ ያሉት መካኒኮችም ያደምጡናል። ኳሷ የተመለሰች ዕለት ከወፍጮ ቤቱ እልልታ ተሰምቷል።

የክበቡ ኃላፊ እኔ ነኝ። ዜናውን የምታነብልን ደግሞ ያኔ ስምንተኛ ክፍል የነበረችው ትርንጎ ናት። ቀጭን ናት፤ ድምፅዋ ከእሷ የሚወጣ አይመስልም። የዘበኛችንን መታመም ስታነብ እንኳ ሰው ቆሞ ነው የሚሰማት። አባቷ አቶ አዛናው የትራክተር ሹፌር ናቸው፤ ክረምቱን የሚያሳልፉት ሰሊጥ እርሻ ላይ ነው።

በዚያ ሰሞን ስልክ በሽ ሆነ። ድንበር ተሻግሮ ከገላባት የሚመጣው ስልክ ሲከፈት የሚያወጣው ዓረብኛ ነው፤ ወደሚገባን ቋንቋ የሚያዞሩልን ልጆቹ ናቸው። እንግዲህ አስቡት። አባት ስልክ ይገዛል፣ ልጅ ቋንቋውን ትመርጥለታለች፣ በዚያው ኢንተርኔቱን ከፍታ ለራሷ ገጽ ታወጣለች። አባት የገዛው ነገር ከሰሊጥ ደላላ ጋር መነጋገሪያ ብቻ ይመስለዋል። አቶ አዛናውም እርሻ ሲወርዱ፣ እዚያ ኔትወርክ ስለሌለ፣ ስልካቸውን ቤት ትተው ነው የሚሄዱት።

አንድ ጠዋት ትርንጎ ወረቀቷን ይዛ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። ድምፅ ማጉያዋ ብቻዋን ታፏጫለች። ከዚያ ወረቀቱን ለጓደኛዋ ሰጥታ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ሄደች። ተከትያት ስደርስ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ቲቸር፣ ለአባቴ እንዳትነግሪብኝ» አለች፣ ገና ምንም ሳልጠይቃት።

ሜሪ የምትባል ልጅ ቻት ላይ ጓደኛ ልሁንሽ ብላት ነበር። ፎቶዋ የወጣት ሴት ነው። ካርቱም የምማር ነኝ ትላለች፤ «እህቴ»፣ «ማሬ» እያለች ነው የምትጽፈው። ፎቶ ላኪልኝ ስትላት፣ ትርንጎ በእህቷ ሰርግ ዕለት ጸጉሯን ተሠርታ፣ የእህቷን የጆሮ ጌጥ አድርጋ የተነሳችውን ላከች። ከዚያ ጥያቄው ጠመመ። አባትሽ እርሻ የሚሄደው መቼ ነው? ስልኩን ቤት ውስጥ ሌላ ማን ያያል? በመጨረሻም፣ ቅዳሜ ለብቻሽ መተማ ዮሐንስ መናኸሪያ ነይ፣ ካርቱም ወስጄ አስተምርሻለሁ፣ ለማንም እንዳትናገሪ የሚል መጣ። ትርንጎ አልመጣም ብላ ጻፈች። ያን ጊዜ ሜሪ በድምፅ መልስ ላከች። ድምፁ የጎልማሳ ወንድ ነበር። ፎቶሽ ላይ መጥፎ ነገር ጽፌ ለአገሩ ሁሉ እበትነዋለሁ ይላል።

ልጅቱን የሚያስፈራት ሰውየው ብቻ አልነበረም። እኛ ዘንድ ለእንዲህ ያለው ነገር የታወቀ መድኃኒት አለ። መጀመሪያ ስልኩን ከልጅቱ ይነጥቃሉ፣ ቀጥሎ ልጅቱን ከትምህርት ቤት። ከዚያ ለማን ትዳር ተብሎ ይመከራል።

«ብቻሽን የምትሸከሚው ነገር አይደለም። ለአባትሽ አብረን እንንገራቸው፤ እኔ አጠገብሽ ነኝ» አልኳት። እሺ እስክትል የዕረፍቱ ደወል ተደውሎ ክፍለ ጊዜው ሁሉ አለፈ።

አቶ አዛናው የትራክተር ዕቃ ሊያስበይዱ ከተማ ገብተው ስለነበር ጋራዡ በር ላይ አገኘናቸው። ትርንጎ መሬት መሬት እያየች ራሷ ነገረቻቸው። እኔ በመንገድ ላይ ረጅም ንግግር አዘጋጅቻለሁ፤ ስለ ትምህርት፣ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ሕግ። እሳቸው ግራሶ የያዘ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ጠረጉ፣ ጠረጉ፤ የሚጠረግ ነገር ካለቀ በኋላም ጠረጉ።

«ፎቶውን እስቲ አሳዪኝ» አሏት።

አሳየቻቸው። ስልኩን ከፀሐዩ ከልለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«አንች፣ ሰርጉ ላይ እንዲህ አምሮብሽ ነበር? እኔ በድንኳኑ ጣጣ ሳላይሽ ቀረሁ።»

ትርንጎ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩና «እና አሁን ምን እናድርግ መምህርት?» አሉ። ንግግሬን ዋጥኩት።

ከመልእክቶቹ ምንም ሳናጠፋ ስልኩን ይዘን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ተረኛዋ ፖሊስ መልእክቱን አነበበች፣ ድምፁን ሰማች፣ የሚቀዳውን ቀዳች። «መልስ እንዳትሰጭው፤ ይኸንን ግን እንዳታጠፊው» ብላ ሰውየው ዳግመኛ እንዳይጽፍላት ዘጋችበት። ቅዳሜም መናኸሪያው ላይ ፖሊስ ቆሞ ጠበቀው። ተያዘ ብዬ ባወራችሁ ደስ ባለኝ፤ አልመጣም። ፎቶውም የትም ሳይወጣ ቀረ።

እዚህ ላይ ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን የወላጆች ስብሰባ ደርሶ ነበርና ስለ ስልክና ስለ ልጆች እናውራ ብዬ ለርዕሰ መምህራችን አቀረብኩ። እሳቸው ጠንቃቃ ሰው ናቸው። «ጠቅለል አድርገሽ ስልክ ጥንቃቄ ይፈልጋል በይ፤ የትምህርት ቤቱ ስም በመጥፎ እንዳይነሳ» አሉኝ። ትርንጎ ግን የደረሰብኝን እኔው ላንብበው አለች።

«እሺ፣ ስምሽን አንጠራም። አንዲት ተማሪ እንላለን» አልኳት።

«አንዲት ተማሪ ካልን ሰው ማን ናት ሲል ይከርማል፤ ሌላ ልጅ ላይም ይጥሉታል። እኔ ነኝ ካልሁ የሚፈለግ አይኖርም።»

ርዕሰ መምህሩ አቶ አዛናውን አስጠርተው ምን እንደሚሉ ጠየቋቸው። «ነገሩ የእሷ ነው፤ ታንብብ። እኔ ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ» አሉ።

ተቀመጡም። ግቢው በወላጅ ሞልቷል። ትርንጎ ማይክሮፎኑን ወደ ራሷ ዝቅ አደረገች።

«የዛሬው ዜና የራሴ ነው። አንድ ሰው ሜሪ ነኝ ብሎ፣ ራሱን ሴት አስመስሎ ፎቶ ጠየቀኝ፤ ላክሁለት። ለማንም እንዳትናገሪ አለኝ፤ እኔ ግን ተናገርሁ። ለአባቴም ተናገርሁ፤ አልመታኝም። እናንተም ልጆቻችሁ ሲነግሯችሁ አትምቱ። ከመታችሁን ሌላ ጊዜ አንነግራችሁም። ዜናው ይኸው ነው።»

 በኋላ አንዲት እናት ተነሱ። ከጎጃም ለሰሊጥ አረም መጥተው እዚሁ ቤት የሠሩ ናቸው። ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው «ይች ሜሪ የምትሉት በኔም ስልክ ውስጥ አለች?» አሉ። ማንም አልሳቀም። ልጃቸው መጥታ አጠገባቸው ቁጭ አለችና ከፍታ ታሳያቸው ጀመር። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ግቢው በሙሉ ልጅና ወላጅ አንድ ስልክ ላይ አቀርቅሮ፣ ይኸ ማነው፣ በዓይንሽ አይተሽዋል ወይ፣ እንዴት ነው እምቢ የሚባለው ይባባላል። ስንበተን አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ቀሚሴን ያዝ አድርጋ «ቲቸር፣ ለእኔም ጽፎልኝ ነበር» አለችኝ። እናቷ ከኋላዋ ቆመዋል። የመጡት እጇን ይዘው ነው።

ኮራሁ። ሰው በልጁ ይኮራል ይባላል፤ እኔ በአንድ ቀን በሞላ ግቢ ኮራሁ።

ርዕሰ መምህራችንም ከዚያ በኋላ ተነቃቁ። የትምህርት ቤቱ ዜና በኢንተርኔትም ለወላጅ ይድረስ ብለው፣ ማንንም ሳያማክሩ ገጽ ከፈቱ። ፎቶ መነሳት ስለማይወዱ በፎቷቸው ቦታ የጽጌረዳ ሥዕል አደረጉ። ስማቸውን በእንግሊዝኛ ፊደል አሳጥረው ጻፉና ለወላጆች ሁሉ ጓደኛ እንሁን ብለው ላኩ። አንድም ወላጅ አልተቀበላቸውም። ብዙም ሳይቆይ ከፖሊስ ጣቢያ ተደወለላቸው፤ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የተማሪ ወላጆችን እየተከታተለ ነው የሚል አቤቱታ ስለቀረበ መጥተው ያማክሩን ተባሉ። ሄዱ። ከአመልካቾቹ ፊተኛው አቶ አዛናው ነበሩ።

ተቆጥተው ይመለሳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ኮታቸውን አስተካክለው፣ ደረታቸውን ነፍተው መጡ። «እንዲህ ያሉ ወላጆች ያሉት ትምህርት ቤት እስቲ ሌላ አሳዩኝ» አሉ። ነገ ጠዋት ይነበብ ብለውም አዘዙ።

ትርንጎ ፊቷን ኮስተር አድርጋ አነበበችው። «በኢንተርኔት ወላጆችን ሲያስቸግር የነበረው ያልታወቀ ሰው ርዕሰ መምህራችን መሆናቸው ተረጋግጧል። ወላጆች ከእንግዲህ ሊቀበሏቸው ይችላሉ።»

ወላጆቹ ግን ገና እያሰቡበት ነው።